ወይዘሮ ባዶውስ እና ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ፈንገስ

ደስታን የፈጠረ አምላክ፣ እንዳይበዛብን ብሎ ነው መሰለኝ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ጠርጣሪ አስቀምጧል። እናንተም ጋ አለ፣ አታጡትም። የምሥራች ይዛችሁ ስትገቡ ሌላው ሰው «እሰይ!» ሲል፣ እሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «በምን አወቃችሁ?» የሚለው ነው። ዝናቡ አባራ ስትሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚያጣራው፣ ልደት ላይ ሻማው ሳይጠፋ ኬኩ መቼ እንደተጋገረ የሚጠይቀው። ክፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ልክ ባይሆንማ ይቅር እንለው ነበር።

የእኛ መሥሪያ ቤት በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ የደረሰን ተራ ጠርጣሪ አይደለም። ክብርት ወይዘሮ ባዶውስ የማንግሮቭ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። በመዝገብ የሰፈረ ሌላ ስም አላቸው፤ ግን እሱን የሚጠቀምበት የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። እኔ የእሳቸው የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ዕቃ አጥባለሁ፣ ፈንገስ የምናሳድግበትን መረቅ እቀቅላለሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በዚህች በመሥሪያ ቤታችን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰው አማለሁ። ዛሬ ተራው የእሳቸው ነው።

ማንግሮቭን ለማታውቁ፣ ማለትም ሦስተኛ ፎቅ አስተዳደር ላላችሁ በሙሉ፣ በአጭሩ ላስረዳ። ማንግሮቭ ሌላ ዛፍ በሚሞትበት ቦታ ላይ የሚያድግ ግትር ዛፍ ነው። እግሩ ጨዋማ ውሃና ጭቃ ውስጥ፣ ራሱ ፀሐይ ላይ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይመጣበታል፣ ሁለቴ ትቶት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚቆመው በቅጠሉ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ነገሮች ስላሉት ጭምር ነው። የተቆረጠ ፖም እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ ታደርጉበት የለ? የሎሚው ሥራ ዓይነት ነው ሥራቸው። በዚያ ላይ በቅጠሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፈንገሶች ተከራይተው ይኖራሉ። ዛፉን አይጎዱትም፤ እንዲያውም ከመከላከያው ጥቂቱን የሚሠሩለት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። የወይዘሮ ባዶውስ ምኞት ታዲያ ቀላል ነው፦ ጎበዙን ፈንገስ ከቅጠሉ አውጥቶ በጠርሙስ ማሳደግና ማንም ሰው ለመድኃኒት ብሎ ዛፉን እንዳይቆርጥ ማድረግ። አሥራ አንድ ዓመት ፈልገዋል። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ፈንገስ አሳድገው፣ ሦስት መቶ አሥራ አንዱንም አሰናብተዋል።

ዘንድሮ የግምገማ ኮሚቴው ቁርጡን ነገራቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚታይ ነገር ካልመጣ ክፍሉ ይዘጋል። እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ የእኔ ኮንትራት ደግሞ ከክፍሉ ጋር አብሮ ይዘጋል። እንግዲህ ሁለታችንም በአንድ ፈንገስ ላይ ተንጠልጥለን ነበር ማለት ነው።

ቅጽል ስማቸው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በላቦራቶሪ «ባዶ» የምንለው ምንም ያልተደረገበትን ነው። ፈንገስ የዘራንበት መረቅ ካለ፣ አጠገቡ ፈንገስ ያልነካው ያው መረቅ ይቀመጣል። ለውጡ በሁለቱም ላይ ከታየ ፈንገሱ ምንም አልሠራም፣ እኛም በከንቱ ደስ ብሎናል ማለት ነው። ስለዚህ ውጤት ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባዶውስ?» ተብሎ ነው። ሌላው ተመራማሪ ነጭ ጋዋኑን ሲያወልቅ ጥያቄውንም አብሮ ይሰቅለዋል። ክብርትነታቸው ግን ይዘውት ይወጣሉ፤ ኮሪደር፣ ስብሰባ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተራችን በስብሰባ ላይ ደረታቸውን ነፍተው፦

«ጉንፋኔን በዝንጅብል ብቻ አባረርኩት! አንድ ሳምንት ጠጣሁ፣ ድራሹ ጠፋ!» አሉ።

ሁላችንም እንደ ደንቡ ራሳችንን ነቀነቅን። አለቃ ሲድን ሠራተኛ ደስ ይለዋል።

«ባዶውስ?» አሉ ወይዘሮ ባዶውስ።

«የምን ባዶ?»

«ዝንጅብል ያልጠጡበት ጉንፋንዎ በስንት ቀን ነበር የሚለቅዎት?»

ዳይሬክተሩ አሰቡ። ሐቀኛ ሰው መሆናቸው ጎዳቸው እንጂ መዋሸት ይችሉ ነበር።

«በ... በሳምንት» አሉ፤ ስብሰባውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊም አልተረፈችም። ምስኪን፣ ከሩቅ አገር ያስመጣችውን የፊት ቅባት ይዛ መጣች፤ ካርቶኑ ላይ «የማንግሮቭ አንቲኦክሲዳንት ያለበት» ይላል። ለእኛ ክፍል ክብር ብላ ነው ያሳየችን። ወይዘሮ ባዶውስ ካርቶኑን አገላብጠው አነበቡና «እንግዲያው ግማሽ ፊትሽን ብቻ ተቀቢ» አሏት። ልጅቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ወር ሙሉ ግራ ጉንጯን ብቻ ስትቀባ ከረመች። በወሩ መጨረሻ አሥራ አራት ሠራተኛ ተራ በተራ እየገባ የትኛው ጉንጭ እንደሚያምር በወረቀት ጻፈ። ስምንቱ ግራውን መረጡ፣ ስድስቱ ቀኙን። «ይኸው ግራው አሸነፈ!» ብላ ልትፈነድቅ ስትል፣ «ስምንት ለስድስት ማለት ምንም ማለት አይደለም» አሏት። ከዚያ በኋላ የእኛ ክፍል ደብዳቤ ለሁለት ወር ከሁሉ መጨረሻ ነበር የሚተየበው። ዕዳው ለእኔም ተረፈ።

«ቤትስ እንዴት ይችሏቸዋል?» ብላችሁ እንደሆነ፣ እኔም ብያለሁ። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው፤ ከሥራ ሊወስዷቸው ሲመጡ በር ላይ ቆመን እናወራለን። አንድ ቀን እንዴት እንደተጋቡ ጠየቅኋቸው።

«እንጋባ ስላት ‹ላስብበት› ብላኝ ሦስት ሳምንት ጠፋችብኝ» አሉኝ። «ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሌላ ወዳለች ብዬ ቆርጬ ነበር። በኋላ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹አንተ የሌለህበትን ጊዜ ማየት ነበረብኝ› አለችኝ።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ?»

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጠርሙስ ሰበረች።» ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። «እስካሁን ግን ሦስት ሳምንት ይበቃ ነበር ወይ እያለች ትጠራጠራለች።»

ከእሳቸው ጋር መሥራት ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔን ጠይቁኝ። ቅጠሉ ከባሕር ዳር በመጣ ቀን መጀመሪያ በአልኮል፣ ቀጥሎ በበረኪና፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የምንፈልገው ውስጡ የሚኖረውን ፈንገስ እንጂ ላዩ ላይ ያረፈውን መንገደኛ አይደለም። ሌላ ሰው እዚህ ላይ እጁን አድርቆ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። እሳቸው ግን የመጨረሻውን የእጥበት ውሃ ራሱን ፈንገስ ማብቀያ ሳህን ላይ አፍስሰው አንድ ሳምንት ያቆዩታል። አንድ ነገር ከበቀለበት እጥበቱ ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ቅጠሉም ሳህኑም የእኔም ሳምንት አብረው ወደ ቆሻሻ። ውሃ እንኳ የሚጠረጠርበት ቤት ነው የምሠራው።

አንድ ጊዜ አርባ ሳህን ላይ ቀኑን ጽፌ ሰዓቱን ረሳሁ።

«ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?» አሉኝ።

«ጠዋት መሰለኝ።»

«መሰለኝ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብያት አላውቅም። አርባውንም አስጣሉኝ፤ እሳቸው በር ላይ ቆመው እየቆጠሩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ሙሉ ብቻዬን ስሰድባቸው ነበር። የደረሰ አውቶቡስ ሁሉ ሰምቷል።

ከዚያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ፈንገስ መጣ።

ሲታይ ምንም ተስፋ አይሰጥም፤ አመድማ፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ፣ ከአንድ ያረጀ ቅጠል የወጣ። በመረቅ ውስጥ ሁለት ሳምንት አደገ። መፈተኛችን ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ሲነካው እየገረጣ ቢጫ ይሆናል። የሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛውን መረቅ ጠብ አደረግኩበት። ሐምራዊው ዓይናችን እያየ ቢጫ ሆነ። ከቫይታሚን ሲ እኩል!

እሳቸው ፈሳሹን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ባዶውስ?»

«አለ» አልኩና አቀረብኩላቸው። ከእሱ ሌላ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ አደረጉ። ሐምራዊው ሐምራዊ ሆኖ ቀረ።

«ድገመው።» ደገምኩት። «ድገመው።» ደገምኩት። ሦስቴም ያው። ያኔ ክብርት ወይዘሮ ባዶውስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤታቸው ደወሉና «አንዱ ሳይሠራ አይቀርም» አሉ። በእሳቸው አቆጣጠር ይህ እልልታ ነው። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ እኔም ባላየ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

የቀረው ቤት ግን እንደ እሳቸው ቁጥብ አልነበረም። ዳይሬክተሩ «ከማንግሮቭ የተገኘ ታላቅ ተስፋ» የሚል ባነር አሠሩ። ፎቶ አንሺ ተጠራ። ጸሐፊዋ ቂሟን ትታ ደብዳቤያችንን ከሁሉ አስቀድማ ተየበች። ኮሚቴው ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ሰምቶ ክፍሉ እንዲቀጥል ሊወስን ቀጠሮ ያዘ። እኔም ቤቴ ገብቼ «ኮንትራቱ ታደሰ በይው» አልኳት ባለቤቴን። ሁለቱ ልጆቻችን ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ጨፈሩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ባዶውስ እጃቸውን ዘረጉ። «የላቦራቶሪውን ቁልፍ ስጠኝ፣ ቅዳሜና እሑድ እገባለሁ።»

«ምን ቀረ? ሦስቴ ደጋግመነው የለ?»

«መረቁን ከመጀመሪያው በራሴ እጅ ልሥራው።»

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ኮሚቴው ፊት ለፊት ተደርድሯል፣ ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘጋጅቷል። ወይዘሮ ባዶውስ ያለ ወረቀት ወደ መድረኩ ወጡ።

«ውጤቱ የፈንገሱ አይደለም» አሉ። «መረቁ ሲቀቀል አርሯል። ስኳር ያለበት መረቅ ሲያርር ራሱ ሐምራዊውን ቢጫ ያደርገዋል። ሆን ብዬ አሳርሬ ፈንገስ በሌለበት ፈትኜው ያው ነው። ባዶው ደግሞ ካላረረ ሌላ መረቅ የተቀዳ ስለነበረ አላስጠነቀቀንም። ከሳህን ላይ የወሰድኩት ፈንገስ ብቻውን ምንም አላደረገም፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው እንደሌሎቹ ነው።»

ፎቶ አንሺው ያቺን ሰዓት አነሳት፤ ምን ሊሆነው እንደሆነ አላውቅም። የዳይሬክተሩ ፊት ባነሩን መሰለ፤ ትልቅና ቀይ።

«ይህን መረቅ የቀቀለው ማነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ባዶውስ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። መረቁን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ደቂቃ የሚበቃውን መረቅ እንፋሎት ማብሰያው ላይ ጥጄው ወጣሁና ኮሪደር ላይ ስለ ኳስ ስከራከር ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ስመለስ መረቁ ወፍራም ሻይ መስሏል። ፈንገሱ በዚያው ቀን መረቅ ውስጥ መግባት አለበት፣ እስከ ነገ አይቆይም። «አርሮብኛል» ብል ስንት ሰዓት ጣድከው፣ ስንት ሰዓት አወጣኸው ተብዬ እንደምመረመር አውቃለሁ። ያረረውን ለፈንገሱ ሰጠሁት። ባዶውን ግን ካለፈው ሳምንት ከተረፈው ነጣ ካለ መረቅ ቀዳሁ፤ ባዶው ቀልቶ ካዩት ይጠይቁኛል ብዬ። እንዳይጠይቁኝ ብዬ! «አለ» ስላቸው ደግሞ አመኑኝ። ውሃ የማያምኑት ሴትዮ እኔን አመኑኝ።

ያን ቀን ማንም የላቦራቶሪውን መዝገብ አልከፈተም። ቢከፍቱት ኖሮ «አዘጋጅ» በሚለው ዓምድ ሥር የእኔን ፊርማ ያገኙ ነበር፤ እሳቸው በአፋቸው ዋሹ እንጂ መዝገቡ ላይ እጃቸው አልሄደም። ግን በዚህ ቤት የወይዘሮ ባዶውስን ቃል የሚያጣራ ሰው የለም። ኮሚቴው በአሥር ደቂቃ ወሰነ። ክፍሉ ከምግብ ምርመራ ክፍል ጋር ተቀላቀለ፤ እሳቸው ከኃላፊነት ተነሥተው ጡረታቸው እስኪደርስ ምድር ቤት ባለው ግምጃ ቤት ዕቃ እንዲመዘግቡ ተመደቡ። እኔስ? እኔማ የምግብ ክፍል ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሁለት መስመር ነው፣ ሁለቱም እውነት፣ ስለ መረቅ ግን አንድ ቃል የለበትም።

ምድር ቤት ወረድኩላቸው። የጠርሙስ ካርቶን እየቆጠሩ ነበር።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው።

«አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት... ሁለት ልጆች አሉህ። እኔ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።»

«ጥፋቱ ግን የእኔ ነው እኮ!»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ስማ፣ ያን ጊዜ የፈንገሱን ጠርሙስ አይቼዋለሁ። ቀልቷል። ፈንገሱ ያቀላው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እንኳን የቀላ መረቅ፣ ጭረት የማላልፍ ሰው! አሥራ አንድ ዓመት ሲፈልጉ ዓይን የወደደውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ‹እኔ ነኝ› ማለቴ ጨርሶ ውሸት አይደለም። አሁን ሂድ፣ ቁጥሬን አታጥፋብኝ።»

ሄድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እኚህን ሴትዮ ስድስት ዓመት ሙሉ አምቻቸዋለሁ፣ ሰድቤያቸዋለሁ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ «እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ። እናቴን እንደምወድ ነው የምወዳቸው፤ ይህንንም ለማወቅ ይህ ሁሉ መድረስ አልነበረበትም።

ይህን ጽሑፍ ሳይታተም ሐሙስ ዕለት ምድር ቤት ወስጄ ሰጠኋቸው። ሰው ሳይነግሩት ማማት ነውር ነው ብዬ ነው። ዓርብ መለሱልኝ። ሦስት ቦታ ላይ ቁጥር አርመዋል፤ ባለቤታቸው የተናገሩት ሥር «አምስት ጠርሙስ ነው፣ ስድስተኛውን ድመት ነው የሰበረው» ብለው ጽፈዋል። «እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም» የሚለውን አንቀጽ ግን ከላይ እስከ ታች በማስመሪያ ሰርዘውት ጠርዙ ላይ «አያስፈልግም» ብለዋል።

ቁጥሮቹን እንዳረሟቸው አርሜያለሁ። የድመቱን ጉዳይ ከባለቤታቸው ጋር ይጨርሱት። የሰረዙትን አንቀጽ ግን መልሼ አስገብቼዋለሁ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን ካነበቡ መዝገቡ ሁለተኛ ፎቅ የግራው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ገጽ አርባ ሰባት፣ ፊርማው የእኔ ነው።